ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ፦ የነርስና የአስታማሚ ንግግር በሐረር አቦከር ልማድ ሲታይ

መግቢያ

በአገራችን ሰው ብቻውን አይታመምም። ወደ ሐኪም ቤት በሚሄድበት ጊዜም ከቤተሰቡ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተከትሎት ይሄዳል። ይህን ሰው «አስታማሚ» እንለዋለን። አስታማሚ ለጥየቃ መጥቶ የሚመለስ እንግዳ አይደለም። ከሕመምተኛው አጠገብ ውሎ ያድራል፤ ምግብ ከቤት ያመጣል፤ ልብስ ያጥባል፤ መድኃኒት ከውጭ ሲታዘዝ ገዝቶ ያቀርባል፤ ሕመምተኛውን ደግፎ ያስነሣል፥ ያስተኛል፤ ሐኪሙ የተናገረውንም ለዘመድ ወዳጅ ያስተላልፋል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ እንደ ባይተዋር ይቈጠራል።

ነገር ግን ይህ ሰው ከደጃፉ የሚቀርበት አንድ ክፍል አለ። ይኸውም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ሕመምተኛውን የምታጥበው፥ የምታገላብጠው፥ በቱቦ የምትመግበው ነርሷ ናት፤ አስታማሚው ግን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ልማዱ የሰጠው ሥራ ሁሉ ከእጁ ወጥቶ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ወሬውን ሰምቶ ወደ ቤት ማድረስ ነው። ወሬውን የሚሰጠው ሰው ካላገኘ ግን ያም ይቀርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነርሷና በአስታማሚው መካከል የሚደረገው ንግግር ምን እንደ ሆነ፥ ለምን እንደሚሰናከልና በምን መንገድ ሊቃና እንደሚችል ማስረዳት ነው። እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ የምናገረው ከበሩ በውጭ በኩል ሆኜ ነው። ሐሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፦ ለቤተሰብ የሚነገረው ቃል ከሕክምናው ሥራ ሲተርፍ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ሥርዓት ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ ሳይሆን እኩሌታው በራሳችን ልማድ ውስጥ ይገኛል።

የክፍሉ አመጣጥ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ስለሚያሰንፍ ሕመምተኞቹ አየር አጥተው ይሞቱ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተንፈስ ከተሳናቸው 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ። በዚህ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በሕመምተኛዋ ጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ በጎማ ከረጢት በእጅ እየተጨመቀ አየር እንዲገባላት አደረገ። ዘዴው ስለ ሠራ ለሁሉም እንዲደረግ ተወሰነ፤ ነገር ግን ያን ያህል ማሽን አልነበረም። ስለዚህ 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ ቀንና ሌሊት ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ማለት በ1953 መጨረሻ ኢብሰን በዚያው ከተማ ለጽኑ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቋመ። በዓለም የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

ለኛ ለተማሪዎች ይህ ታሪክ የሚያስደስት ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ያስተውሉታል። በኮፐንሃገን ከሕመምተኛው ራስጌ የተቀመጠው ሰው ነበረ፤ እጁ ከሰው እስትንፋስ ጋር ተያይዞ፥ ዐይኑን በዐይኑ እያየ የሚውል። በኋላ በእጅ የሚጨመቀው ከረጢት በማሽን ተተካ። ማሽኑ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ነገር ግን ክፍሉን በሽቦ፥ በቱቦና በጩኸት ስለ ሞላው ክፍሉ ለማያውቀው ሰው የሚያስፈራ ሆነ። የሚያስፈራ ነገር ደግሞ አስረጅ ይፈልጋል።

ቤተሰብ የሚያየውና የሚመስለው

አስታማሚው ለጥቂት ደቂቃ እንዲገባ ሲፈቀድለት የሚያየውን ነገር ማንም ካልነገረው በራሱ ግምት ይተረጕመዋል። ከዚህ በታች ያሉትን አራት ነገሮች ለምሳሌ ያህል እንመልከት።

አንደኛ፥ ሕመምተኛው አይናገርም። ቤተሰቡ «አንደበቱ ተዘጋ» ብሎ ያለቅሳል። እውነቱ ግን የመተንፈሻው ቱቦ በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ድምፅ ሊወጣው አለመቻሉ ነው። ብዙ ጊዜም ቱቦው እንዳያስጨንቀው ማደንዘዣ ስለሚሰጠው ያንቀላፋል። ይህ ከሆነም ላይሰማ ይችላል ተብሎ ዝም መባል የለበትም፤ የሚሰሙ ሕመምተኞች ስላሉ በስሙ ጠርቶ ማነጋገር ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፥ እጁ በጨርቅ ከአልጋው ጋር ታስሮ ይታያል። ይህ ቤተሰብን ከሁሉ ይልቅ ያስቈጣል። ምክንያቱ ግን ሕመምተኛው ሳያውቅ ቱቦውን እንዳይነቅለው ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ምክንያት ሳይነገር ሲቀር «አስረው ገደሉት» የሚል ክስ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ማሽኑ ይጮኻል። አስታማሚው ማሽኑ በጮኸ ቍጥር ነፍስ የወጣች እየመሰለው ይደነግጣል። ነርሷ ከሌላ አልጋ ላይ ሆና ቀና ብላ ካየች በኋላ ሥራዋን ስትቀጥል ደግሞ ቸል ያለች ይመስለዋል። እሷ ግን ከጣት ላይ የወለቀ መለኪያ የሚያሰማውን ድምፅና የአደጋውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። እሱ አያውቅም።

አራተኛ፥ ኦክሲጂን ነው። በሕዝባችን ዘንድ «ኦክሲጂን ተደረገለት» ማለት «አበቃለት» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በመሆኑም ለመዳን የተሰጠው ነገር የሞት ምልክት ሆኖ ወደ ሰፈር ይወራል፤ ሕመምተኛው ገና በሕይወት ሳለ ሰው ሻሽና ነጠላ ማዘጋጀት ይጀምራል።

እንግዲህ አራቱንም ለማስረዳት ከአምስት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይፈልግም። ነገር ግን ማስረዳቱ በመጀመሪያው ቀን ከመግባቱ በፊት ካልሆነ አይጠቅምም፤ ሰው አንድ ጊዜ በዐይኑ ያየውን በኋላ በቃል ማስተው ቀላል አይደለምና።

በሌላ አገር የተደረጉ ምርመራዎች

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ናንሲ ሞልተር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ 40 የጽኑ ሕሙማን ዘመዶችን ስለ 45 ፍላጎቶች ጠይቃ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የተገኘው «ተስፋ አለ ብሎ ማመን» ነው። ከላይ ከሚገኙት መካከል ደግሞ ሠራተኞቹ ለሕመምተኛው የሚያስቡለት መሆኑን ማወቅና ለጥያቄ የታመነ መልስ ማግኘት ይገኙባቸዋል። አስተውሉ፤ ዘመዶቹ ተስፋንም እውነትንም አንድ ላይ ጠየቁ እንጂ አንዱን ለማግኘት ሌላውን አልተውም።

በፈረንሳይ አገር ኤሊ አዙሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ከሐኪም ጋር የመጀመሪያውን ንግግር ካደረጉት ቤተሰቦች ከግማሽ የሚበልጡት የተነገራቸውን ሳይረዱት ቀርተዋል። እንግዲህ መናገርና ማስረዳት አንድ አይደለም ማለት ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2005 ባወጡት ሌላ ጥናት፥ ዘመዳቸው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣ ወይም ከሞተ ከ90 ቀን በኋላ ከቤተሰብ ሦስተኛው እጅ የከባድ ድንጋጤ ሕመም ምልክት እንደ ታየበት ገለጹ። የተሰጠን ወሬ ጎዶሎ ነበረ ባሉት ላይ ግን ይህ ቍጥር ወደ ግማሽ ገደማ ደርሶ ተገኘ። ስለዚህ ያልተነገረው ቃል ራሱ ሕመም ይሆናል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ2007 አሌክሳንድር ሎትሬትና ጓደኞቹ ያወጡት ነው። በ22 የፈረንሳይ ክፍሎች ሊሞቱ የተቃረቡ 126 ሕመምተኞች ቤተሰቦች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ እንደ ቀድሞው ልማድ ተነገራቸው። ለሌሎቹ ግን ሠራተኞቹ አምስት ነገር እንዲጠብቁ ተደረገ፦ ቤተሰቡ የሚለውን ማክበር፥ ሐዘኑን አለመሸሽ፥ ማዳመጥ፥ ሕመምተኛው ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረ መጠየቅና ጥያቄ እንዲያነሡ መጋበዝ። ስለ ሐዘንም የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ተሰጣቸው። በዚህኛው ወገን ቤተሰቡ የተናገረበት ጊዜ 14 ደቂቃ ያህል ሲሆን በቀድሞው ልማድ ግን 5 ደቂቃ ብቻ ነበረ። ከ90 ቀን በኋላ የድንጋጤው ሕመም ምልክት በቀድሞው ልማድ ከ100 በ69 ላይ ሲታይ በአዲሱ በ45 ላይ ታየ። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ የቤተሰቡን ንግግር መታገሥ ነው።

የራሴ ምክንያት

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝን መሸሸግ አይገባኝም። ያሳደጉኝ አክስቴ በአቦከር ታመው ከሐረር ውጭ ወዳለ ከተማ ተወሰዱ። የሆስፒታሉንም የከተማውንም ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። አስታማሚው እኔ ነበርሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል 9 ቀን ቆዩ።

በዚያ 9 ቀን በሩ ተከፍቶ ስማቸው 14 ጊዜ ተጠራ። ቍጥሩን የማውቀው የመድኃኒት ደረሰኞቹን ስላስቀመጥሁ ነው። አሥራ አራቱም ጊዜ የተሰጠኝ የማዘዣ ወረቀት ነበረ፤ «ይህን ቶሎ ግዛ» ይባላል፤ እሮጣለሁ፤ አመጣለሁ፤ እጅ ወጥቶ ይቀበለኝና በሩ ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙን በኮሪደር አግኝቼ ብጠይቀው «ስቴብል ናቸው» ብሎኝ አለፈ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ አቦከር ደውዬ ለአያቴ «እየተሻላቸው ነው» አልኋቸው። ቃሉ «ካሉበት አልተነሡም፤ ለጊዜው አልባሰም» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

በስድስተኛው ሌሊት ተረኛ የነበረች አንዲት ነርስ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ወንድሜ፥ እናትህ ናቸው?» አለችኝ። «ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው» አልኋት። «ዛሬ ከትናንት ይልቅ ደክመዋል። ኵላሊታቸው ሥራውን እየቀነሰ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪሙን ከዙሩ በኋላ አገናኝሃለሁ። አሁን እጅህን ታጠብና ግባ፤ ፊታቸው ቢያብጥ አትደንግጥ፤ የሚሰጣቸው ፈሳሽ ነው። በስማቸው ጥራቸው» አለችኝ። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ገብቼ ጠራኋቸው። በ9ኙ ቀን ውስጥ አስታማሚ ነኝ ያልሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ለአያቴ እውነቱን አልተናገርሁም። «ይህ በስልክ እንዴት ይነገራል?» እያልሁ በየቀኑ «ደህና ናቸው» አልሁ። በዘጠነኛው ቀን ማታ ዘበኛው በኮሪደሩ ስማቸውን ጮኾ ጠራና በሰው ሁሉ ፊት «ሬሳ ተረከቡ» አለ። ከአጠገቤ የራሱን ሕመምተኛ የሚጠብቅ የአገራችን ሰው ነበረ፤ በርኅራኄ ተነሣሥቶ ወደ ቤቱ ደወለ፤ ከዚያ ቤት ወደ ሌላ ቤት ተደወለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አያቴ የልጃቸውን ሞት ከአንድ ሕፃን በቀር ማንም በሌለበት ቤት በስልክ ሰሙ።

ዘበኛውን አልከስስም፤ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ነው የሠራው። ያን የአገራችንን ሰውም አልከስስም። ከጥፋቱ የራሴም ድርሻ አለበት። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው በሩ ለወረቀት እንጂ ለቃል ስላልተከፈተ ነው።

የአቦከር ልማድ

አቦከር በሐረሪ ክልል ካሉት 9 ወረዳዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጁገል ከተማ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ እንደ መሆናቸው ሁሉ የሐረር ኑሮም የተያያዘ ነው። ሰው ሲታመም የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ሆጃ በፔርሙዝ፥ ሾርባ በሣህን ተይዞ ይመጣል። ሰው ሲሞት ደግሞ ሐረሪው አፎቻው ይቆምለታል፤ ሌላውም እድሩ ይደርስለታል። አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን የወንዱና የሴቱ የተለያየ ነው። ጎረቤታሞች ሃይማኖታቸው ቢለያይም አንዱ የሌላውን ሐዘን አይቀርም።

ከዚህ ልማድ ለሆስፒታል ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

የመጀመሪያው ተጠሪ መኖሩ ነው። አፎቻም ሆነ እድር ያለ መሪና ያለ መልእክተኛ አይሠራም። ወሬ ከአንድ አፍ ይወጣል፤ የእድር ጥሩንባ ነፊ በማለዳ ሲያውጅ ሌላው ሰው የየራሱን ወሬ አያወራም። በሆስፒታል በር ላይ ግን 20 ዘመድ ቆሞ ሃያውም አንዲቱን ነርስ ይጠይቃል፤ እሷም ለሃያው መልስ መስጠት ስለማትችል ለአንዱም አትሰጥም። ቤተሰቡ ራሱ አንድ ተጠሪና አንድ ምትክ ቢመርጥ፥ ስማቸውና ስልካቸውም በካርዱ ላይ ቢጻፍ ነገሩ ይቀላል። ቤተሰቦቻችን ተጠሪ መምረጥ ያውቁበታል፤ የሚጠይቃቸው ብቻ ነው የጠፋው።

ሁለተኛው የመርዶ ሥርዓት ነው። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ይሰበሰባሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ባለሐዘኑ ብቻውን አለመሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ይነግራሉ። ሌሊት ለምን አይነገርም ቢባል፥ ሌሊት ሐዘንን የሚካፈል ሰው ስለሌለ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ለሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን ነርሷ ማወቅ ይገባታል። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብር ሳይዘገይ መፈጸም ስላለበት ሬሳው ቶሎ እንዲለቀቅ ይፈለጋል፤ ስለዚህ እስኪነጋ እንጠብቅ የሚለው አሳብ ላይስማማቸው ይችላል። በመሆኑም የሚሻለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ «የማይፈለግ ነገር ቢመጣ አስቀድመን ማንን እንጥራ? በማንኛውም ሰዓት ልንጠራዎ እንችላለን?» ማለት ሞትን መጥራት አይደለም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በሐረር ጌይ ሲናን፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚመጣው ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከሐረርጌ ገጠርና ከሶማሌ ክልልም ጭምር ነው። ካርዱ ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ነርሷ በእንግሊዝኛ የተማረችውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተርጕማ ትናገራለች፤ አስታማሚው ያንን ወስዶ ለእናቱ በሌላ ቋንቋ ይተረጕማል። በየመተርጐሚያው ጥቂት ይፈሳል። የሐረር ሰው ግን ሁለትና ሦስት ቋንቋ መናገር የለመደ ስለ ሆነ በየፈረቃው ከሠራተኞቹ መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። በተለይ ሕፃን ልጅ ለወላጁ ሕመም አስተርጓሚ እንዳይደረግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከባዱ ጥያቄ፦ እውነትና ልማድ

አንባቢ እዚህ ላይ «መርዶ የምትለው ልማድ እውነትን የሚደብቅ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው።

የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በዚያ አገር ሐኪሙ ክፉውን ወሬ ወዲያው ለራሱ ለሕመምተኛው በግልጽ ይነግራል። ኢትዮጵያውያኑ ግን ወሬው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገርና በልማዱ መሠረት እንዲደርስ ይፈልጋሉ፤ በድንገት የተነገረው ቃል ለነሱ ጭካኔ ሆኖ ይታያቸዋል። እንግዲህ ልዩነቱ እውነት ይነገር ወይስ አይነገር የሚል ብቻ አይደለም፤ በማን አፍ፥ በምን ሰዓት፥ በማን ፊት ይነገር የሚል ጭምር ነው።

እኔ በደንብ ሳስበው መርዶ ራሱ ውሸት አይደለም። መርዶ እውነትን በሥርዓት ማድረስ ነው። ውሸቱ የሚገባው ከመርዶው በፊት ባሉት ቀኖች ነው፤ «ደህና ናቸው፥ እየተሻላቸው ነው» በምንልበት ጊዜ። ይህን የምንለው ደግሞ ሁልጊዜ ለመደበቅ ብለን አይደለም፤ ሌላ የምንለው ቃል ስላልተሰጠን ነው። ነርሷ ለአስታማሚው «በጣም ታመዋል፤ የምንችለውን እያደረግን ነው፤ ላይሻላቸውም ይችላል» የሚል ቃል ብትሰጠው፥ እሱም ለሽማግሌዎቹ ይነግራቸዋል፤ ሽማግሌዎቹም ወደ እናቲቱ ቀስ በቀስ ይቀርባሉ። እናቲቱም ሳይነገራቸው ያውቁታል። ልማዱ እንዲሠራ ከሆስፒታሉ እውነተኛ ቃል ሊደርሰው ይገባል። ባዶ እጁን ከተተወ ግን ውሸት ይሞላዋል።

በኮሮና ጊዜ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በሽታው በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና የሚሌኒየም አዳራሽ ለዚሁ ሕሙማን ተሰጡ። አስታማሚ መግባት ቀረ፤ ለቅሶም ተከለከለ ወይም አነሰ። ያን ጊዜ መላው ዓለም የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስታማሚ የሚያውቀውን ደጃፍ አወቀው፤ በብዙ አገርም ነርሶች ስልክ በሕመምተኛው ጆሮ ላይ ይዘው የቤተሰቡን ድምፅ ያሰሙ ነበር። ያን ሥራ የሠሩት ጊዜ ተርፏቸው አልነበረም።

ሊደረግ የሚችለው

በነርሶች በኩል የሚነሣውን መልስ አላጣሁትም። ሥራው ብዙ ነው፥ ሠራተኛው ጥቂት ነው፤ የተናገሩት ቃል ተጣሞ ክስ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታውን ስምና መጨረሻውን መናገር የሐኪሙ ድርሻ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ሰው ሳይጨመር፥ ገንዘብ ሳይወጣ ሊሠራ የሚችለውን ብቻ ነው።

ሀ. ሕመምተኛው በገባበት ቀን ተጠሪው ተመርጦ ስሙ ይጻፍ። ከመግባቱም በፊት ስለ ቱቦው፥ ስለታሰረው እጅ፥ ስለ ማሽኑ ድምፅና ስለ ኦክሲጂኑ ይነገረው።

ለ. በየቀኑ ከሐኪሞቹ ዙር በኋላ አንድ የታወቀ ሰዓት ይኑር። መቼ እንደሚነገረው ያወቀ ሰው በር አያንኳኳም።

ሐ. የማዘዣ ወረቀት በወጣ ቍጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ይውጣ፤ «ይህ ለትኵሳቱ ነው፤ ሌሊቱን አላደረጉም፤ አሁን ተኝተዋል» የሚያህል። ነርሷ ያየችውንና ያደረገችውን መናገር የራሷ ድርሻ ነው።

መ. «ስቴብል»፥ «ክሪቲካል»፥ «ሲሪየስ» የሚሉት ቃላት ለቤተሰብ አይነገሩ። «አልባሰም፤ አልተሻለምም» የሚለው አማርኛ ሁሉን ይናገራል። ከተነገረም በኋላ «ለቤተሰብ ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ሰውየው የተረዳውን ያሳያል።

ሠ. በፈረቃ ርክክብ ጊዜ ስለ ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ የተነገረው ቃል ጭምር ይተላለፍ፤ የቀኗ ነርስና የሌሊቷ ነርስ የተለያየ ነገር እንዳይናገሩ።

ረ. ሞት በዘበኛ አፍ፥ በኮሪደር፥ ሰው በተሰበሰበበት አይነገር። ሐኪሙና ነርሷ አብረው ተጠሪውን በሩ በሚዘጋ ክፍል አስቀምጠው ይንገሩት። ወደ ቤት የሚሄደውን መርዶ ተጠሪው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክሮ ያድርሰው፤ ለዚህም ጥቂት ጊዜ ይሰጠው።

በቤተሰብ በኩልም ግዴታ አለ። ተጠሪውን አክብሮ ከበሩ መራቅ፥ ነርስን አለመሳደብ፥ የተነገረውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስ የኛ ድርሻ ነው።

መደምደሚያ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር መዘጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕመምተኛው ከተላላፊ በሽታና ከሁካታ መጠበቅ አለበት። በሩ ሲዘጋ ግን ቃል እንዲያልፍበት ማድረግ ይቻላል። የፈረንሳዮቹ ጥናት ቃል እንደሚያድን አሳይቷል፤ የአቦከር ልማድ ደግሞ ቃል እንዴት እንደሚደርስ ያውቃል። የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የነርስና የሕክምና ተማሪዎች ከበሩ በውስጥ በኩል ሆነው የሚያውቁትን ቢጨምሩበትና ስሕተቴን ቢያርሙኝ አመሰግናለሁ። በተለይም የአፎቻና የእድር ተጠሪዎች ከሆስፒታል ጋር እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ በሐረር ውስጥ ቢጠና ጠቃሚ ይመስለኛል። አያቴ ዛሬም ስልክ ሲጮኽ አያነሡም፤ ጎረቤት ጠርተው ያስነሣሉ። አንድ ሰው በሦስት ደቂቃ ንግግር ሊያድነው ይችል የነበረ ጉዳት ይህን ያህል ዕድሜ እንዳለው እዚህ ላይ መመዝገቡ የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።